ቀስ ሲረገጥ የሚሰምጠው ፔዳል

«አባዬ፣ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ይሄድብኛል» አለች ልጁ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ በመስኮት ብቅ ብላ።

መካኒኩን ካልሲን ያበሸቀው ይህን ስትለው ሦስተኛ ጊዜዋ መሆኑ ነው። በመጀመሪያው የፊቱን የፍሬን ሸራ ቀየረላት። በሁለተኛው አራቱንም ጎማ አውልቆ ከመስመሩ አየር አስወጣ፣ ዘይቱንም በአዲስ ተካ። ከዚህ በላይ ምን ይሁን? መኪናዋ እንደሆነች ከልጅቷ በሁለት ዓመት ትበልጣለች። ያረጀ ነገር ደግሞ አንዳንዴ ያለ ምክንያት ያጉረመርማል። እሱም ራሱ ከተነሣበት እንደዚያው ነው፣ ሦስት ጊዜ የሚመረምረው ግን የለም።

«እስቲ ውረጂ» አላት።

ወረደች። እሱም በሩን ተደግፎ የቀኝ ጫማውን አወለቀ።

ካልሲ የተባለው በዚሁ ነው። ደንበኞቹ ጋሽ ካልሲ ይሉታል። አብሮት ሃያ ስድስት ዓመት የሠራው ኤሌክትሪሺያን፣ እሱም ሽቦ የሚባለው፣ ጋሽነቱን ትቶ ካልሲ ብቻ ይለዋል። ፍሬኑ የተነካ መኪና ሁሉ ከዚያ ግቢ ከመውጣቱ በፊት ካልሲ ጫማውን አውልቆ ፔዳሉን በካልሲው መርገጥ አለበት። በወፍራም ሶል ፍሬን መመርመር በጓንት ትኩሳት እንደ መለካት ነው ባይ ነው። መስመር ውስጥ የቀረ አየር፣ ያለቀ ሸራ፣ የጎበጠ ታምቡር፣ ሁሉንም እግሩ ለይቶ ይነግረዋል፤ ቢያንስ ይነግረው ነበር። ሰው ከሩቅ ሰፈር መኪናውን እየነዳ፣ በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀው ያንን እግር ነው።

ገብቶ ረገጠው። ፔዳሉ ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ረገጠው፣ በጉልበቱ ጭምር ተጭኖ ያዘው፣ እስከ አሥር ቆጠረ።

«ድንጋይ ነው» አለ።

«እንደሱ ስትረግጠው ለእኔም ድንጋይ ነው። መብራት ላይ ቆሜ ቀስ አድርጌ ስይዘው ነው የሚሄደው።» መዳፏን አየር ላይ ዘርግታ ዝግ እያለች አወረደችው። «ሕመምተኛ እጅህን እንደያዘ እንቅልፍ ሲወስደው ቀስ እያለ ይለቅህ የለ? እንደዚያ።»

አዋላጅ ናት፤ ምሳሌዋ ሁሉ ከአልጋ ዳር የሚነሣ ነው። ካልሲ ኮፋኖውን ከፍቶ የዘይቱን ዕቃ አየ፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው። አጎንብሶ ጎማዎቹን አየ፤ የረጠበ ነገር የለም። እንግዲህ ዘይት ካልጎደለ፣ ካልፈሰሰ፣ ፔዳሉም ድንጋይ ከሆነ፣ መኪናው ደኅና ነው።

«ካልሲ፣ ፖምፓውን እንፍታው በቃ» አለ ሽቦ ከወዲያ ማዶ። የራሱን ፒክአፕ የፊት መብራት እየፈታ ነበር። «ልጅቷ እኮ ሦስቴ ተመላለሰች። ለመዝናናት ብላ አይደለም።»

«አንተ ሽቦህን ቀጥል።»

ሽቦ ቀጠለ። ልጅቷ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ዛሬ ወደ ታችኛው ከተማ እወርዳለሁ» አለች። «አንዲት እናት የኦፕሬሽን ቀጠሮ አላት። አምቡላንሳችን ቆሟል፣ እኔ ነኝ ከአማቷ ጋር የማደርሳት። ያንን ቁልቁለት ነው የምወርደው አባዬ። ልውረድ?»

ታችኛው ከተማ የሚያደርሰው መንገድ አሥራ አራት መታጠፊያ አለው። ከላይ እስከ ታች እግር ከፍሬን አይነሣም። ካልሲ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ እዚያ መንገድ ላይ የተቃጠለ ሸራ ሲቀይር ነው ፀጉሩ የሸበተው።

«እኔ አባትሽ ነኝ። የማይሆን መኪና ላይ አስቀምጬ እሸኝሻለሁ?»

«አላልኩም።»

«እግርሽ ነው። ገና ሳትረግጪው ትፈሪያለሽ፣ ስትፈሪ የሚሄድ ይመስልሻል። መኪናው ምንም የለውም።»

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። ሽቦ ባይሰማ ደስ ባላት፤ ሽቦ ግን ጆሮው ለሥራው አይረዳም እንጂ ለወሬ አንደኛ ነው። አንገቷን ደፋች፤ ስትደፋ የአባቷ ካልሲ ላይ ዓይኗ አረፈ።

«ጣቶችህ ይሰሙሃል አይደል?» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። ስኳር ከተገኘበት ጀምሮ በየወሩ የምትጠይቀው ጥያቄ ነው።

«እንደ ልጅ እግር ነው። ሂጂ አሁን፣ ሰዎቹ ይጠብቁሻል።»

ሄደች። እሱም በአንድ እግሩ ጫማ፣ በአንዱ ካልሲ እንደቆመ መኪናዋ በሩን ወጥታ እስክትታጠፍ በዓይኑ ሸኛት። የፍሬኗ መብራት በርቶ ጠፋ። ደኅና መኪና ነው ሲል ለራሱ ደገመ።

ከኋላው አንድ ነገር ተንኮታኮተ። ሽቦ የፈታውን የመብራት መስታወት ከእጁ ጥሎት ወለሉ ላይ ብትንትኑ ወጥቷል።

«እጅህ ቅቤ ነው?» እያለ ካልሲ ወደ እሱ ሄደ። መቆጣት አምሮት ነበርና ሰበቡን በደስታ ተቀበለው። «ትናንት አምፑል፣ ዛሬ መስታወት! ነገ ደግሞ...»

«ቁም!» አለ ሽቦ። «ካልሲ፣ ቁም። ብርጭቆው ላይ ነህ።»

ካልሲ ቆመ። ሽቦ ቁልቁል እያየ ነው። ካልሲም ጎንበስ ብሎ እግሩን አነሣ። የጣት ጥፍር የሚያህል የመስታወት ስባሪ በካልሲው ዘልቆ ውስጥ እግሩ ላይ ተተክሏል። ግራጫው ካልሲ ከሥሩ ጠቁሯል፤ ከወደቀው መስታወት እስከቆመበት ድረስ ሦስት እርምጃ ደም ወለሉ ላይ ታትሟል።

ሦስት እርምጃ ሙሉ ብርጭቆ ላይ ሄዷል፤ አንዱም አልተሰማውም።

ሽቦ እግሩን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ መኪናዋ የወጣችበትን በር አየ። ካልሲ ክው አለ።

ነገሩ የጀመረው ከስምንት ወር በፊት ነበር። መጀመሪያ ትንሿ ጣት፣ ቀጥሎ ጎረቤቶቿ፣ ኋላ ውስጥ እግሩ በሙሉ። ስኳሩን ቤተሰቡ ያውቃል። መደንዘዙን ግን ለትራሱ እንኳ አልነገረም። ልጁ በየወሩ ስትጠይቀው ዓይኑን በጨው አጥቦ ይዋሻታል። ምን ይበላት? ያ እግር ከሄደ ካልሲ ማነው? ከጎረቤት ጋራዥ መካኒኮች አንዱ፣ ለዚያውም በዕድሜ የገፋው። ይህን ማሰብ ያስፈራው ነበር፣ ስለዚህ አላሰበውም።

ዘዴም አበጅቶ ነበር። እግሩ ዝም ሲለው በጉልበቱና በጭኑ ማዳመጥ ጀመረ። ጉልበት እንዲሰማ ግን ጠንክሮ መርገጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ስምንት ወር ሙሉ እያንዳንዱን ፔዳል ጠንክሮ ሲረግጥ ኖረ።

አሁን ብርጭቆው እግሩ ውስጥ እንደተተከለ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየው። ከፔዳሉ ጀርባ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋ ፖምፓ አለ። በፖምፓው ውስጥ ዘይቱ እንዳያመልጥ የሚዘጋ የላስቲክ ቀለበት አለ፣ መካኒኮች ጎሚኒ የሚሉት። ጎሚኒ ሲያረጅ ጠርዙ ይበላል። ያረጀ ጎሚኒ በኃይል ሲረገጥ ግፊቱ ራሱ ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል፤ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ቀስ አድርገው ሲይዙት ግን የሚያጣብቀው ኃይል የለም፤ ዘይቱ በጠርዙ ሾልኮ ይመለሳል፣ ፔዳሉም ይሰምጣል። ወደ ውጭ ጠብ የሚል ነገር የለም፣ ዘይቱም አይጎድልም። ካልሲ ይህን በእንቅልፍ ልቡ ያውቀዋል፣ ለስንቱ መካኒክም አስተምሯል። ይህን በሽታ የሚያገኘው በቀስታ የሚረግጥ እግር ብቻ ነው። የደነዘዘ እግር ደግሞ ፔዳሉን መንካቱን እንኳ አያውቅ፣ እንዴት አድርጎ በቀስታ ይርገጥ?

ልጁ ሦስት ጊዜ፣ አንድም ሳታጓድል፣ በሽታውን በትክክል ነግራዋለች። እሱ እግርሽ ነው አላት።

«ስልኬን!» አለ።

ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ፣ ዘጋ። እንደገና ደወለ። አታነሣም። መንጃ ፈቃድ ያወጣች ቀን «እየነዳሽ ስልክ ብታነሺ ቁልፉን እነጥቅሻለሁ» ብሎ ያስማላት እሱ ነው፤ እሷ ደግሞ ቃሏን የምትጠብቅ ልጅ ናት። እዚያው ሰፈር የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ጋ ደወለ። ዘበኛው አነሣ።

«አሁን ወጡ ጋሼ። ነፍሰ ጡሯ በር ላይ ስትጠብቅ ነበር፣ አሳፍረው ወዲያው ተነሡ።»

ሽቦ ፒክአፑ ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር፣ አንድ ዓይኑ የተጎለጎለ ፒክአፕ ይዞ። ካልሲ ስባሪውን በጣቱ ነቅሎ ጣለና ወደ ሹፌሩ በር ሮጠ። ሁልጊዜ የሚነዳው እሱ ነው፤ ሽቦ ሲነዳ አጠገቡ ተቀምጦ አያውቅም። የበሩን እጀታ ያዘና ቆመ።

«አንተ ንዳ» አለ።

«ላስነሣልህ ብዬ ነው የገባሁት፣ እለቅልሃለሁ።»

«አንተ ንዳ አልኩህ! እግሬ አይሰማኝም።»

ሽቦ ሦስተኛ አላስባለውም። ካልሲ ዞሮ ገባ፣ ፒክአፑም ጠጠሩን እየረጨ ወጣ።

የከተማው መንገድ ቀጥ ያለ ነው፤ ሽቦ እንደ ልቡ ነዳ። ካልሲ መደወሉን አላቆመም። ልጁ ስትነዳ ይታየው ነበር፤ እግሯ ለስላሳ ነው። ለስላሳ ያደረገውም እሱ ነው። «ፍሬን አይደነግጥም፣ ቀስ አድርገሽ ያዢው፣ የተሳፈረው ሰው መቆምሽን እንኳ አይወቅ» እያለ ነው ያስተማራት። ነፍሰ ጡር ይዛ ደግሞ ከወትሮው ይበልጥ እንደምትለሰልስ እርግጠኛ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይኮራባት ነበር፤ አሁን ግን እንደገና ደወለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ሽቦ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ።

«ስምንት ወር።»

ሽቦ ማርሽ ቀየረ።

«በስምንት ወር ስንት መኪና አስወጣህ?»

ጥያቄው በካልሲ ልብ ውስጥ ተሰነቀረ። የትምህርት ቤቱ ሚኒባስ ትዝ አለው። የዳቦ ማከፋፈያው። ጎረቤቱ የሚነዳት ያቺ ሰማያዊ ታክሲ። ሁሉንም በጉልበቱ ረግጦ፣ ሁሉንም ድንጋይ ነው ብሎ፣ ሁሉንም እጁን እያውለበለበ ሸኝቷል። ላብ አጠመቀው።

«ለእኔ ብትነግረኝ እኔ እረግጥልህ ነበር» አለ ሽቦ። ቁጣው ከድምፁ ይሰማል። «ለማንም አልናገርም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተን! ጫማ ማውለቅ ያቅተኛል ብለህ ነው?»

«የአንተ ጫማ መኪና ውስጥ ቢወልቅ ከሽታው የተነሣ መኪናው ይሸጣል እንዴ ከዚያ በኋላ?» አለ ካልሲ። ቀልዱ ከአፉ የወጣው በልማድ ነው። ሁለቱም አልሳቁም።

ቁልቁለቱ ጀመረ። የመጀመሪያው መታጠፊያ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። በየመታጠፊያው ካልሲ አንገቱን አስግጎ ገደሉን ያያል። የተጋጨ ብረት፣ የተሰበረ አጥር፣ የተሰበሰበ ሰው እንዳያይ እየፈራ ያያል። አራተኛው። አምስተኛው። አንድ ቦታ ላይ ጥቁር የጎማ ምልክት አይቶ ትንፋሹ ቆመ፤ ሽቦ ግን «የቆየ ነው፣ ያለፈው ሳምንትም ነበር» አለው። ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ ከታች የድንጋይ መብሻ ማሽን ጩኸት ተሰማ።

ዘጠነኛውን ሲታጠፉ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ፊታቸው ተዘረጋ። መንገድ እየተጠገነ ነው። ታች ጫፉ ላይ አንድ ሰው ቀይ ባንዲራ ይዞ ቆሟል፣ መኪኖችም ተሰልፈዋል። ሽቦ የሰልፉ ጭራ ላይ አቆመ። ከፊታቸው ስድስት መኪና አለ፤ ከስድስቱ ፊት ደግሞ የልጁ መኪና፤ ከእሷ ፊት አንድ የጭነት መኪና።

«ቆማለች!» አለ ሽቦ። «ተመስገን፣ ቆማለች! ያውልህ ፍሬኗ በርቷል።»

ካልሲ አየ። እውነትም የመኪናዋ ሁለት ቀይ መብራቶች በርተዋል። እግሯ ፔዳሉ ላይ ነው ማለት ነው። ትንፋሹን ሊለቅ ሲል፣ አንገቱን በመስኮት እንዳወጣ፣ የኋላ ጎማዋ ላይ የተጣበቀች ነጭ የጭቃ ነጠብጣብ አየ። ነጠብጣቧ ወደ ላይ ትወጣለች። ዝግ ብላ፣ በጣም ዝግ ብላ፣ ወደ ላይ።

መብራቱ በርቷል፣ ጎማውም ይዞራል።

በሩን ከፍቶ ወረደና ሮጠ። ልጁ ፊቷን ወደ ኋላ ወንበር አዙራለች። የነፍሰ ጡሯን ክንድ በደም ግፊት መለኪያው ጠቅልላ፣ አንገቷን ደፍታ ታዳምጣለች። እግሯ ያው ለስላሳ እግር ነው፤ ፔዳሉን ይዞ አብሮት እየሰመጠ ነው፣ እሷም ልብ አላለችም። ከፊቷ ደግሞ የጭነት መኪናው ሹፌር ጀርባውን ሰጥቶ፣ ከመኪናው ጭራ ሥር በርከክ ብሎ የላላ ገመድ ያጠብቃል። በእሱና በእሷ መካከል የቀረው ከሁለት ክንድ አይበልጥም።

«እጅ ፍሬን!» ብሎ ጮኸ። «እጅ ፍሬን ያዢ!»

የመብሻው ማሽን ድምፁን ዋጠው። አንዱ ሹፌር በመስኮት ብቅ ብሎ «ሰውየው ምን ሆኖ ነው?» አለ። ካልሲ ቀኝ እግሩ መሬት መንካት አለመንካቱን ስለማያውቅ እየተደናቀፈ ነው የሚሮጠው። አንዴ ወደቀ። በእጁ ተነሣ። የመጨረሻውን መኪና ተሻግሮ በሾፌሩ በኩል ሲደርስ ክፍተቱ ከአንድ ክንድ አንሷል። ጭንቅላቱን በመስኮቱ አስገብቶ ጆሮዋ ሥር ደነፋ።

«ርገጪው! በኃይል ርገጪው!»

ልጅቷ በድንጋጤ ዘላ ረገጠችው። መኪናዋ ቀጥ አለች። በኋላ ወንበር ያለችው አማት «ኡ!» አለች። የጭነት መኪናው ሹፌር አንድ ነገር ወገቡን ሲነካው ዞረ፣ ባምፐሩን አየ፣ ካልሲን አየ።

«ምን አለ ጥሩንባ ብትነፉ?» ሲል ተቆጣ። ከዚያ ነገሩ ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ፣ ምንም ሳይጨምርም ከመኪኖቹ መሃል ወጣ።

ካልሲ እጁን አስገብቶ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ሽቦ ደርሶ ከፊት ጎማዎቹ ሥር ሁለት ድንጋይ ወሸቀ። ነፍሰ ጡሯ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች። «ደኅና ነኝ፣ ደኅና ነኝ» ትላለች ማንም ሳይጠይቃት። ልጅቷ ግን አሁንም ፔዳሉን ረግጣ ተቀምጣለች።

«ልቀቂው አሁን» አላት ካልሲ። «ድንጋይ ገብቶለታል፣ አትሄድም። ውረጂ።»

ስትወርድ በሩ ሥር ተንበረከከ። የቀኝ እጁን መዳፍ ፔዳሉ ላይ አሳረፈና በቀስታ ተጫነው። ትንሽ ወርዶ ቆመ። ያዘው። ፔዳሉ ከመዳፉ ሥር መሄድ ጀመረ፤ ያለ ድምፅ፣ ያለ ችኮላ፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ልክ ልጁ እንዳለችው፣ እስከ ወለሉ። እጁ ይህን ያህል ግልጽ አድርጎ ሲነግረው ጊዜ ዓይኑ እንባ አቀረረ። መኪናው ሲናገር ነበር። እሷም ስትናገር ነበር።

«ጎሚኒው አልቋል» አለ ሳይነሣ። «ፖምፓው ውስጥ ያለው። አንቺ ትክክል ነበርሽ። ከመጀመሪያው ቀን።»

ልጅቷ ወደ ሽቦ ዞረች።

«ጋሼ ሽቦ፣ እናቲቱን ወደ ፒክአፑ ውሰድልኝ። ከፊት፣ ከአንተ አጠገብ ትቀመጥ፣ አማቷም ከጎኗ። እኔ ከኋላ እወጣለሁ። ስታነሣት ክንዷን አትጎትት።»

«እሺ እመቤት» አለ ሽቦ፣ የነፍሰ ጡሯንም በር ከፈተ።

ቀይ ባንዲራው ገና አልወረደም። ከታች የሚመጡት መኪኖች ገና አላለፉም። ካልሲ ከተንበረከከበት ተነሥቶ የሾፌሩ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ እግሩን ወደ ውጭ አድርጎ። ልጁ ፊቱ ቆማለች። ሲቆጣት ትንሽ ልጅ የነበረች ሴት አሁን ከላይ ወደ ታች ታየዋለች፤ ቢቻለው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር።

«ሌላ መካኒክ ቢሆን አይገርመኝም» አለች። «አንተ እንዴት አልተሰማህም?»

ከመልሱ በፊት ዓይኗ ወርዶ ካልሲው ላይ ደረሰ። ካልሲው ከደም የተነሣ ከቀለሙ ወጥቷል፣ አስፋልት ላይ ሲሮጥም ተረከዙ ተቀዷል። ልጅቷ ለረጅም ጊዜ አየችው። ቁጣዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ሌላ ነገር መጥቶ ተቀላቀለበት። ሥራዋ ነውና ካልሲ ያንን ፊት ያውቀዋል፤ ሕመምተኛ ፊት ስትቆም የምታሳየው ፊት ነው። ለእሱ አሳይታው አታውቅም ነበር።

ተንበርክካ እግሩን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ካልሲውን ገልብጣ አወለቀችው። ቁስሉን በውኃ አጥባ በጨርቅ ጫን ብላ ያዘችው፣ ከዚያ ከደረት ኪሷ እስክሪብቶ አወጣች።

«ዓይንህን ጨፍን» አለችው።

«እዚህ? ሰው እያየን?»

«ጨፍን አባዬ። የነካሁህ ቦታ ሲሰማህ ንገረኝ። ካልተሰማህ አትናገር።»

ጨፈነ። በየወሩ የሚላትን ውሸት እዚያ ቁልቁለት ላይ፣ ያ ሰው ከባምፐሩ ሥር ከወጣ በኋላ፣ ሊደግመው አልፈለገም። የሚሰማውን ብቻ ሊናገር ለራሱ ማለ። ትንሽም ቢሆን እንደሚሰማው ግን ተስፋ አደረገ። ተረከዙ ጋ የሆነ ነገር ቀርቶ ይሆናል። አውራ ጣቱ ጋ አንድ ጭላንጭል ቢኖር፣ እሷ ባለችው መድኃኒት፣ እሷ ባለችው ምግብ፣ ቀስ እያለ ይመለስ ይሆናል።

የመብሻው ማሽን ቆመ። ሽቦ ለአማትየዋ «ጭንቅላትዎን እናቴ፣ ጭንቅላትዎን» ሲላት ሰማ። የፒክአፑ በር ሲዘጋ ሰማ። ከሰልፉ አንዱ ጥሩንባ ነፋ። ነፋሱ አንገቱ ላይ የደረቀውን ላብ ሲነካው ተሰማው፣ የወንበሩ ጠርዝ ጭኑን ሲቆረቁረው ተሰማው። ልጁ ምን እያደረገች ነው? ጓንት ትፈልግ ይሆናል። ወይም ደሙን እየጠረገች ነው። ጆሮውን አቁሞ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ የመጀመሪያውን ንክኪ ጠበቀ። ከሚገባው በላይ ቆየችበት።

«በይ እንጂ ጀምሪ» አላት፣ ዓይኑን እንደጨፈነ። «ሰዎቹ ይጠብቃሉ።»

የልጁ ድምፅ ከቅርብ፣ ከጉልበቱ አካባቢ መጣ።

«ጨርሻለሁ አባዬ።»